መሲሑ በምን ይታወቃል? የአይሁድ መለኪያና የክርስቲያኖች መልስ

ዘወረደ

ሰላም ለሁላችሁ። «አይሁድ ክርስቶስን ለምን አልተቀበሉም?» በተባለ ቁጥር «ልባቸው ስለ ደነደነ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ የእኛ ፍርድ ነው እንጂ የእነሱ መልስ አይደለም። እኔ የምፈልገው የእነሱን ነው። በራሳቸው መጻሕፍት መሲሕ የሚባለው ሰው ምን ምን ማሟላት አለበት? ኢሳይያስ 53ንና የዳንኤልን ሰባ ሱባዔስ እንዴት ያነቧቸዋል? ከክርስቲያን ወገን ያላችሁም መልሳችሁን ከነምዕራፉ አስቀምጡልን። ስድብና «ንስሐ ግቡ» ይቅርብን።

ሚሽና_ተማሪ

መነሻው ራምባም ነው (የአይሁድ የሕግ ሊቅ ሙሴ ቤን ማይሞን፣ እ.ኤ.አ. 1138–1204)። ከእሱ በፊት በተልሙድ (የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ ስብስብ) ስለ መሲሕ የተባለው ብዙና እርስ በርሱ የማይስማማ ነው፤ ሰንሄድሪን በተባለው ክፍሉ ከገጽ 97 እስከ 99 ያለውን ያነበበ ያውቀዋል። ራምባም ያን ሁሉ ወደ ሕግ አወረደው። «ሚሽኔ ቶራ» በተባለው መጽሐፉ መጨረሻ፣ ስለ ነገሥታት በሚናገረው ክፍል ምዕራፍ 11 እና 12 ላይ ታገኘዋለህ። ነገሩን በሁለት ደረጃ ከፍሎታል።

የመጀመሪያው ግምት የሚያዝበት ነው። ከዳዊት ቤት ንጉሥ ይነሣል፤ እንደ አባቱ እንደ ዳዊት ኦሪትን ያጠናል፤ የተጻፈውንም በቃል የተላለፈውንም ሕግ ይጠብቃል፤ እስራኤልን ሁሉ በዚያው መንገድ ያስኬዳል፤ የእግዚአብሔርን ጦርነት ይዋጋል። እዚህ ከደረሰ «መሲሕ ሳይሆን አይቀርም» ይባላል። ሁለተኛው ማረጋገጫው ነው፦ ተሳክቶለት ቤተ መቅደሱን በቦታው ከሠራና የተበተኑትን እስራኤላውያን ከሰበሰበ ያኔ በእርግጥ መሲሕ ነው። ካልተሳካለት ወይም ከተገደለ ግን ኦሪት የተናገረችለት እሱ እንዳልሆነ ይታወቃል። መናፍቅ ወይም አታላይ ተብሎ አይረገምም፤ እንደ ሌሎቹ ደጋግ የዳዊት ቤት ነገሥታት ሞተ ተብሎ ይታለፋል።

ተአምር በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ልብ በል። ራምባም ይህን ያለው ሆን ብሎ ነው። ማስረጃው የተልሙዱ ሊቅ ራቢ አኪባ ነው፤ ባር ኮክባ በሮም ላይ ባመፀ ጊዜ (እ.ኤ.አ. 132–135) ንጉሡ መሲሕ ይህ ነው ሲል ምልክት አልጠየቀውም። ሰውየው ሲገደል ነገሩ አበቃ። በጊዜውም ቢሆን ሁሉም አልተስማማም። በኢየሩሳሌም ተልሙድ፣ ታዕኒት ላይ፣ ራቢ ዮሐናን ቤን ቶርታ «አኪባ፣ በጉንጭህ ላይ ሣር ይበቅላል፣ የዳዊት ልጅ ግን ገና አይመጣም» እንዳለው ተጽፏል። ሰንሄድሪን 93ለ ደግሞ ሊቃውንቱ ባር ኮክባን ፈትነው እንዳልሆነ ሲያውቁ ገደሉት ይላል፤ ራአቫድ የተባለው ሊቅ በራምባም ላይ ይህንኑ አንሥቶ ተከራክሯል።

ሌላው፣ ለራምባም በመሲሕ ዘመን የተፈጥሮ ሥርዓት አይለወጥም። የሳሙኤልን የተልሙድ ቃል ይዞ፣ በዚህ ዓለምና በመሲሕ ዘመን መካከል ያለው ልዩነት ለባዕድ መንግሥት መገዛት መቅረቱ ብቻ ነው ይላል። በኢሳይያስ 11 ተኩላ ከበግ ጋር ይኖራል የተባለውን ምሳሌ ነው ብሎ ይፈታዋል። ሌሎች ሊቃውንት ቃል በቃል ወስደውታል። ባጭሩ አይሁዳዊ «መሲሕ ነኝ» የሚለውን አይሰማም፤ ሥራው አልቆ ሲያይ ሰውየውን ያውቀዋል።

ደብተራ_ዘደብር

ይህ በትክክል የተቀመጠ ነው፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ሳይገናኝ የሚያልፈውም ለዚህ ነው። ክርስትና ከሌላው ጫፍ ይጀምራል፦ መጀመሪያ ሰውየውን በትንሣኤው ያውቃል፣ የቀረውን ሥራ ከእሱ ይጠብቃል።

የራምባምን ጥያቄ ሐዋርያትም ጠይቀውታል። ሐዋ. 1፥6 ላይ፣ ከትንሣኤ በኋላ፣ «ጌታ ሆይ፣ በዚህ ወራት ለእስራኤል መንግሥትን ትመልሳለህን?» አሉት። ጥያቄው ሞኝነት ነው አላላቸውም፤ ዘመኑን ማወቅ የእናንተ አይደለም ብሎ ወደ ምስክርነት ላካቸው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ትንቢቱን ለሁለት ምጽአት ከፍላ ታነባለች። በኒቅያ (325) ተጀምሮ በቁስጥንጥንያ (381) በተሟላው ጸሎተ ሃይማኖት «ዳግመኛ በጌትነት ይመጣል» የምንለው ይህንኑ ነው።

በእኛ የዐቢይ ጾም ሥርዓት ሁለቱም አሉ። በአምስተኛው እሑድ፣ በደብረ ዘይት፣ ማቴዎስ 24 ይነበባል፤ የሰው ልጅ በደመና ይመጣል። በስምንተኛው፣ በሆሳዕና፣ ዘካርያስ 9፥9 በአህያ ላይ ተፈጽሞ ይታያል። ስለዚህ «ሰላም የት አለ? መቅደሱ የት አለ?» ለሚለው የእኛ መልስ ሁለት ክፍል አለው፦ ኃጢአትንና ሞትን በመጀመሪያው ድል አድርጓል፤ ፍርድና ሰላም በሁለተኛው ነው።

ከእኛ ወገን የሚበላሸውንም ልንገርህ። «ከ300 በላይ ትንቢት ተፈጽሟል» እያሉ መደርደር ለአይሁዳዊ ምንም አያረጋግጥም። ለምሳሌ ሆሴዕ 11፥1 «ልጄን ከግብፅ ጠራሁት» የሚለው በቦታው ስለ ዘፀአት የሚናገር ነው። ማቴዎስ 2፥15 ላይ የገባው በምሳሌነት ነው፦ እስራኤል የሄደበትን መንገድ ክርስቶስ ሄደበት። ምሳሌ ላመነ ሰው ያበራለታል እንጂ ላላመነ ሰው ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም።

ሚሽና_ተማሪ

ደብተራ፣ የአህያውንና የደመናውን ነገር ማንሣትህ ጥሩ ነው፤ ተልሙድም እነዚያኑ ሁለት ጥቅሶች አጋጭቷቸዋል። ሰንሄድሪን 98ሀ፦ ዳንኤል 7፥13 ከሰማይ ደመና ጋር ይላል፣ ዘካርያስ ትሑት ሆኖ በአህያ ይላል፤ እንዴት ይታረቃሉ? መልሱ፦ ሕዝቡ የተገባው ከሆነ በደመና፣ ካልሆነ በአህያ። አንድ መምጣት ነው፤ አመጣጡ በሕዝቡ ሥራ ይወሰናል። እናንተ ጥቅሶቹን በጊዜ ለያያችኋቸው፣ እነሱ በሁኔታ።

አንዳንድ ሰባኪ ደግሞ «አይሁድም ሁለት መሲሕ አላቸው» እያለ ሱካ የተባለውን የተልሙድ ክፍል፣ 52ሀን፣ ይጠቅሳል። አዎ፣ የዮሴፍ ልጅ መሲሕ የሚባል አለ፤ ይገደላል፤ ዘካርያስ 12 ላይ ያለው ልቅሶም ለእሱ ነው የሚል አስተያየት እዚያው አለ። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የሚገደለውም በጦርነት ነው፤ ለኃጢአት ቤዛ የሚሆን አይደለም። ራምባምም በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ አላነሣውም።

ቀሰም

ዋናው ልዩነት ግን አምላክነቱ አይደለም እንዴ? ስለ መቅደስ ስትጨቃጨቁ እሱ ተረሳ።

ሚሽና_ተማሪ

ልክ ነሽ። የአይሁዱ ሊቅ ናሕማኒደስ እ.ኤ.አ. በ1263 በባርሴሎና፣ በአራጎኑ ንጉሥ በቀዳማዊ ያዕቆብ ፊት ከአይሁድነት ወደ ክርስትና ከገባው ከፓብሎ ክርስቲያኒ ጋር ሲከራከር ያለው ይህንኑ ነው፤ በመካከላችን ያለው ልዩነት በመሲሕ ላይ ሳይሆን ስለ አምላክ በምትሉት ላይ ነው አለ። ለአይሁድ መሲሕ ሥጋ የለበሰ ሰው ነው፤ ይነግሣል፣ በራምባም አነጋገርም ይሞታል፣ ልጁም ይተካዋል። ወደ እሱ አይጸለይም፤ እንዲመጣ ግን ይጸለያል። በሥራ ቀን በሚደገመው አሚዳ በተባለው ዋና ጸሎት ውስጥ 14ኛው ልመና ስለ ኢየሩሳሌም መታነጽ፣ 15ኛው ስለ ዳዊት ቀንበጥ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይባላል።

ደብተራ_ዘደብር

በእኛ አገር ደግሞ የመቀባቱ ትርጉም ራሱ ሊቃውንትን ለሁለት መቶ ዓመት ያህል አጣልቷል። ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ ማለት ምን ማለት ነው? ቅባቶች በመቀባቱ የባሕርይ ልጅ ሆነ አሉ፤ ካራዎች ወልድ ራሱ ቀቢ፣ ተቀቢ፣ ቅብ ነው፣ በተዋሕዶ ከበረ አሉ። በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን በቦሩ ሜዳ ጉባኤ (እ.ኤ.አ. 1878) ተዋሕዶ ጸና። አይሁድ ይህን ቢሰሙ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ መቼ ነገሠ? ለእነሱ ቅባቱ ለዙፋን ነውና።

ሱባዔ_ቆጣሪ

ወደ ዳንኤል 9 ልምጣ፤ እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው።

የክርስቲያኖች አቆጣጠር፦ ሰባት ሱባዔና ስድሳ ሁለት ሱባዔ ሲደመር 69 ነው፤ 69 በ7 ሲባዛ 483 ዓመት። መነሻውን አርጤክስስ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት (ዕዝራ 7፥7)፣ ማለትም 457 ቅ.ል.ክ. ካደረግኸው በ27 ዓ.ም. ትደርሳለህ፤ ለጥምቀቱ ጊዜ ይቀርባል። ብዙ ሰው 26 ላይ የሚቆመው በ1 ቅ.ል.ክ. እና በ1 ዓ.ም. መካከል ዜሮ ዓመት እንደሌለ ስለሚዘነጋ ነው። ሌሎች ከነህምያ 2 (444 ቅ.ል.ክ.) ይነሡና ዓመቱን 360 ቀን አድርገው ይቆጥራሉ፤ 483 በ360 ሲባዛ 173,880 ቀን ይሆናል፤ ይህም በፀሐይ አቆጣጠር 476 ዓመት ገደማ ነውና በ33 ዓ.ም. ይወድቃል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ችግሩም ይኸው ነው፦ መነሻውንም የዓመቱንም ርዝመት እየመረጥህ ነው። 360 ቀን የሚለውን ዳንኤል 9 ራሱ አይነግርህም።

የአይሁድ አቆጣጠር በ«ሴዴር ኦላም»፣ በጥንቱ የአይሁድ የዘመን ቆጠራ መጽሐፍ፣ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው መቅደስ መፍረስ እስከ ሁለተኛው መፍረስ 70 እና 420፣ ድምሩ 490። በዕብራይስጡ ንባብ ምልክት መሠረት ከሰባቱ ሱባዔ በኋላ ዕረፍት አለ፤ ስለዚህ በቁጥር 25 ያለው ቅቡዕ ከ49 ዓመት በኋላ የሚመጣ ነው፣ ቂሮስም ነው ይላሉ፤ ኢሳይያስ 45፥1 ቂሮስን ቅቡዕ ብሎታልና። በቁጥር 26 የሚጠፋው ቅቡዕ ለራሺ (ለአይሁዱ የመጽሐፍ ተርጓሚ) ንጉሥ አግሪጳ ነው። የዚህኛው አቆጣጠር ጉድለት ታሪኩ ነው፦ ከ586 ቅ.ል.ክ. እስከ 70 ዓ.ም. ያለው 655 ዓመት እንጂ 490 አይደለም። 165 ዓመት ጎድሏል፤ አብዛኛውም የፋርስ ነገሥታት ዘመን ነው። ሴዴር ኦላም ከመቅደሱ መታነጽ እስከ እስክንድር 34 ዓመት ብቻ ይሰጠዋል።

የዘመናችን የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ከሁለቱም ይወጣሉ፤ የሚጠፋው ቅቡዕ በ171 ቅ.ል.ክ. ገደማ የተገደለው ሊቀ ካህናቱ ኦንያስ ሦስተኛ ነው ይላሉ። የምመክረው፣ ዳንኤል 9ን ለክርክር መክፈቻ አታድርጉት። ተልሙዱም ቢሆን ሰንሄድሪን 97ለ ላይ የዘመን ፍጻሜን የሚያሰሉ ሰዎችን ረግሟል።

ሕንደኬ

በኢሳይያስ 53 ላይ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው ጃንደረባው ነው (ሐዋ. 8፥34)፦ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? (የሕንደኬ አገር መሮዌ ነበረች የምትሉ አትምጡብኝ፤ ለጥያቄው ለውጥ የለውም።)

አይሁድ በምዕራፉ መከራ የሚቀበለው አገልጋይ እስራኤል ነው ይላሉ፤ በዙሪያው ያሉት ምዕራፎች ስሙን ይጠሩታልና፦ 41፥8፣ 44፥1፣ 49፥3። ክርስቲያኖች 49፥5–6ን ያመጣሉ፦ አገልጋዩ እስራኤልን የሚመልስ ከሆነ እንዴት እስራኤል ራሱ ይሆናል? 53፥8ም «ስለ ሕዝቤ ኃጢአት» ይላል። አይሁድ ሲመልሱ በ53 መጀመሪያ ላይ የሚናገሩት የአሕዛብ ነገሥታት ናቸው፣ 52፥15ን እዩ ይላሉ። ክርክሩ በእውነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ውጭ የሚነገሩ ሦስት ነገሮች ግን ሐሰት ናቸው። «እስራኤል ነው የሚለውን ራሺ በ11ኛው መቶ ዓመት ፈጠረው» ይባላል፤ ኦሪገንስ በ248 ገደማ በኬልሶስ ላይ በጻፈው መልስ ውስጥ አይሁድ እንዲሁ እንደነገሩት መዝግቧል። «አይሁድ ምዕራፉን ከመጽሐፋቸው አውጥተውታል» ይባላል፤ በሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን ዋሻ የወጣው ሙሉው የኢሳይያስ ጥቅልል ምዕራፉን ይዟል፣ በማንኛውም የአይሁድ መጽሐፍ ቅዱስም አለ። እውነት የሆነው በሰንበት በሚነበቡት የነቢያት ክፍሎች ውስጥ አለመግባቱ ነው፤ አንዱ ሳምንት 52፥12 ላይ ያቆማል፣ ቀጣዩ ከ54 ይጀምራል። ነገር ግን ከነቢያት አብዛኛው ክፍል እንደዚሁ አይነበብም። በሌላ ወገን ደግሞ «አንድም አይሁዳዊ ስለ መሲሕ ነው ብሎ አያውቅም» የሚሉ አሉ፤ ታርጉም ዮናታን (የነቢያት የአራማይክ ትርጉም) 52፥13ን «አገልጋዬ መሲሕ» ብሎ ይተረጉማል፣ ሰንሄድሪን 98ለም 53፥4ን ለመሲሕ ይሰጣል። ታርጉሙ ግን ክብሩን ለመሲሕ፣ መከራውን ለአሕዛብና ለእስራኤል አድርጎ ያከፋፍለዋል፤ ይህን ክፍል የሚጠቅሰው ሰባኪ ጥቂት ነው።

ኢሳይያስ 7፥14 ለራሱ ክር ይፈልጋል፤ እዚህ አታስገቡት።

ግራ_የገባው

ማቴዎስ 1 ላይ የዳዊት ልጅ መሆኑ ተጽፎ እያለ ስለ ዘሩ ምን ያከራክራል?

ሚሽና_ተማሪ

በአይሁድ ሕግ ነገድ በአባት ቤት ይቆጠራል (ዘኍልቍ 1፥18)፤ ማሳደግ ነገድ አያስተላልፍም። ስለዚህ ዮሴፍ ወላጅ አባት ካልሆነ የዮሴፍ የዘር ሐረግ አይረዳም ይላሉ። ክርስቲያኖች ሕጋዊ አባትነት ይበቃል፣ እመቤታችንም ከዳዊት ቤት ናት ብለው ይመልሳሉ።

ከአይሁድ ወገን ደካማ የሆነው ክርክር የይሁዳው ንጉሥ የኢኮንያን ነው። ኤርምያስ 22፥30 ከዘሩ በዳዊት ዙፋን የሚቀመጥ አይኖርም አለ፤ ማቴዎስ 1፥11 ደግሞ ኢኮንያንን በሐረጉ ውስጥ አስገብቷል፤ «እንግዲህ ወደቀ» ይላሉ። ግን ሰንሄድሪን 37ለ ስደቱ ኃጢአቱን አስተሰረየለት ይላል፤ ሐጌ 2፥23ም የልጅ ልጁን ዘሩባቤልን እንደ ቀለበት ማኅተም አደርግሃለሁ ብሎታል። ርግማኑ ተነሥቷል ከተባለ ለማቴዎስም ተነሥቷል።

ናታንያ_ሠፈር

እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ ከተልሙድና ከራምባም ነው። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ተልሙድ አልነበራቸውም፤ ቄሶቹ የሚያነቡት የግእዝ ኦሪት ነው። የመሲሕ ተስፋቸው ወደ ኢየሩሳሌም ከመመለስ ተለይቶ አይታይም ነበር። የሚመጣውን ንጉሥ ቴዎድሮስ ብለው መጥራታቸውም ተመዝግቧል፤ ይህ ከክርስቲያኖቹ የትንቢት መጽሐፍ ከፍካሬ ኢየሱስ ጋር የሚጋሩት ስም ነው። ካሣ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1855 ሲነግሥ ያንን ስም የመረጠው በከንቱ አልነበረም። በ1862 አባ መሐሪ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ፤ ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል የሚል ተስፋ ነበር ይባላል። ከትግራይ አላለፉም። ረሃብና በሽታ ብዙውን ፈጀ፣ የተረፉት ተመለሱ። የሚሲዮኖች ጫና በዚያው ጊዜ መበርታቱም አንዱ መነሻ ነበር።

ዛሬ ጉዳዩ ወደ ሕግ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተሻሻለው የእስራኤል የመመለስ ሕግ አይሁዳዊ ማለት ከአይሁድ እናት የተወለደ ወይም ወደ አይሁድነት የገባ፣ የሌላ ሃይማኖት አባል ያልሆነ ነው ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ኢየሱስን መሲሕ ብለው የሚያምኑ አይሁድ በዚህ ሕግ አይስተናገዱም ብሏል። ፈላሽ ሙራ የሚባሉትም (ክርስትናን የተቀበሉ የቤተ እስራኤል ዘሮች) በአብዛኛው የሚገቡት በሌላ፣ በመግቢያ ሕጉ ነው፤ ከዚያ ወደ አይሁድነት የመመለስ ትምህርት ይከታተላሉ።

ቀሰም

ታዲያ አይሁድ ሞቶ የሚመለስ መሲሕ አይቀበሉም ማለት ይቻላል?

ሚሽና_ተማሪ

አብዛኞቹ አይቀበሉም። ግን ሉባቪች የተባለው የሐሲዶች ንቅናቄ መሪ፣ ረቢ ምናሔም ሜንዴል ሽኒርሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ቢሞቱም ከተከታዮቻቸው አንዳንዶቹ ዛሬም መሲሕ ናቸው ይላሉ። ማስረጃቸው ሰንሄድሪን 98ለ ነው፦ ከሙታን ከሆነ እንደ ዳንኤል ያለ ነው ይላል። ራምባም ሲጠቀስባቸው ደግሞ «ከተገደለ» አለ እንጂ «ከሞተ» አላለም ብለው ይመልሳሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ይህ የክርስቲያኖችን በር መክፈት ነው ብለው ይቆጣሉ። ከዚያ ቀደም መሲሕ ነኝ ያለው ሻብታይ ጽቪ በ1666 በሱልጣኑ ፊት ሲሰልም አንዳንድ ተከታዮቹ እሱንም ምሥጢር አለው ብለው ተርጉመውለታል።

ዘወረደ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ቀረኝ፦ መጽሐፈ ሄኖክ የሚናገርለት የሰው ልጅ ከየትኛው ወገን ነው?

ሕንደኬ

ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል ተሟልቶ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በቁምራን ከሄኖክ ሌሎች ክፍሎች ሲገኙ ይህ አልተገኘም፤ በዚህ ምክንያት የክርስቲያን ጽሑፍ ነው ያሉ ነበሩ። አሁን አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ክርስትና በተጀመረበት ዘመን አካባቢ የተጻፈ የአይሁድ ጽሑፍ ነው ይላሉ። የሰው ልጅ ከፍጥረት በፊት ስሙ ተጠርቷል (48፥3)፣ በክብር ዙፋን ይቀመጣል፣ 48፥10 እና 52፥4 መሲሕ ይሉታል። ስለዚህ «ሰማያዊ መሲሕ ለአይሁድ ፈጽሞ እንግዳ ነው» የሚለው አይጸናም። ነገር ግን መከራ አይቀበልም፣ አይሞትም፤ 71፥14 ላይም የሰው ልጅ ተብሎ የሚጠራው ሄኖክ ራሱ ይመስላል። ከምዕራፍ 46 ጀምረህ እስከ 71 በአንድ ትንፋሽ አንብበውና 71፥14ን በአዲስ ክር ክፈትልን፤ ይኼኛው በዝቷል።